አማት በምጥ አጠገብ

በጥንታዊት ግብፅ ነው። ነጅመት ምጥ ሲጀምራት ባሏ አናጢው ፓሼዱ ከሾላ እንጨት የጠረበውን የቤስን ምስል አመጣላት። ቤስ ምላሱን አውጥቶ ከወላድ ላይ ክፉ መንፈስ የሚያባርር ድንክ አምላክ ነው።

ነጅመት ምስሉን አየችና በሳቅ ፈረሰች። «ፓሼዱ፣ ይሄማ ቁርጥ እናትህን ነው!»

አማቷ ሄነት ለካ ውሃ ይዘው ከበሩ ቆመዋል። ፓሼዱ የሚገባበት ጠፋው። እሳቸው ግን ምስሉን ተቀብለው ገላመጡትና ምላሳቸውን አወጡ።

«ጋኔን የማባርረው እኔ ከሆንኩማ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። አይዞሽ ልጄ፣ ተደገፊኝ።»

ነጅመት እንደ አገሩ ልማድ ወላድ ቁጢጥ በምትልበት የመውለጃ ጡብ ላይ ተቀመጠች፤ ሄነትም ከኋላ አቅፈው ያዟት። ፀሐይ ወደ ምዕራቡ ተራራ ስታዘነብል ሴት ልጅ ተወለደች።

«እማማ፣ ስሟን እርስዎ ያውጡላት» አለች ነጅመት።

ነገረኛዋ ሄነት ሕፃኗን እንደታቀፉ እንባ ተናነቃቸውና መናገር አቃታቸው።