የሽንኩርት ሲሶ

ሃያ ስድስት ዓመት ክፍልፋይ አስተምሬያለሁ። ልጆቹ ካልገባቸው ጥፋቱ የነሱ ነበር፤ ማንም መጥቶ «አበዛሽ፣ ትምህርቱን እንደገና ንደፊው» ብሎኝ አያውቅም። ስለዚህ አዳማ ያለው የትምህርት ዝግጅት ቡድናችን ዱሬቲ የምትባል የዓለም ጤና ከተማ መምህርት በሙከራ ወስዶ እኔን ተቆጣጣሪዋ ሲያደርገኝ ደሜ ፈላ።

አሠራሩ አዲስ ነው። ረቂቅ ትጽፋለች፣ ዓለም ጤና ክፍል ገብታ ታስተምርበታለች፣ ትፈትናለች፣ የጎደለውን አርማ ደግሞ ትሞክራለች። ስድስት ዙር። ውጤቱ ካማረ አዳማ ትቀጠራለች፤ ካላማረ እዚያው ትቀራለች። የአራት ዓመት ልጇ የምታድገው አዳማ፣ አያቷ ዘንድ ነው።

«እትዬ፣ ቅዳሜ ስሄድ አክስቴ ብላ ጠራችኝ» አለችኝ አንድ ቀን።

«ልጅ ናት፣ ትለምደዋለች» አልኳት።

የመጀመሪያው ረቂቅ እንደኔ በብርቱካን ነበር። ከሃምሳ ልጆች አሥራ ሁለቱ አለፉ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ! ቀጥላ ግን ብርቱካኑን ጣለችና ሽንኩርት አመጣች። ዓለም ጤና ሽንኩርት ሲነሳ ባለመሬቱ፣ ባለውኃ መሳቢያውና ሠራተኛው ድርሻ ድርሻቸውን ያነሳሉ፤ ሲሶ ምን እንደሆነ የማያውቅ ልጅ የለም። አባቱ ሲጨቃጨቅበት ሰምቷል። ይህ ሐሳብ ለኔ ለምን አልመጣልኝም? ቀናሁባት።

«አሁን በሌላ ክፍል ልሞክረው እትዬ?» ስትል ጠየቀችኝ።

«የሰው ክፍል አትበጥብጪ። በዚያው በ'ሀ' ቀጥዪ።»

ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር። አንድ ትምህርት ስድስት ጊዜ የሰማ ልጅ መልሱን በቃሉ ይይዘዋል፤ ውጤቱም ምንም አይመሰክርም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ፣ እሷ አልጠረጠረችም። ውጤቷ በየዙሩ ወጣ፣ በስድስተኛው አርባ ሰባት ደረሰ። አዳማ ቤት ተከራየች። ለልጇ አልጋ ገዛች፣ ፎቶውንም በስልኳ አሳየችኝ። «ያምራል» አልኳት።

በግምገማው ቀን ኃላፊያችን አቶ ኢተፋ ሰንጠረዡን አይተው ፈገግ ሲሉ እጄን አወጣሁ።

«ስድስቱንም ጊዜ የተፈተኑት እነዚያው ልጆች ናቸው?»

«አዎ፣ እትዬ ራስዎ ነዎት...»

«እኔ? በጽሑፍ አለሽ?»

አልነበራትም። አቶ ኢተፋ ፈገግታቸው ጠፋ። «ልጆቹ ፈተናውን ነው የሸመደዱት» ብለው ወረቀቱን መለሱላት። እሷ ግን እሳቸውን አላየችም፤ ስትወጣ እኔን ነበር የምታየው።

ለመዝገቡ ያህል ረቂቁ ትምህርቱን ሰምተው በማያውቁ ልጆች ላይ አንድ ጊዜ እንዲሞከር ታዘዘ፤ እኔው ሄድኩ። ዓለም ጤና፣ «ለ» ክፍል፣ ሃምሳ ልጆች። ቃል በቃል እንደጻፈችው አስተማርኩ፣ እንዲወድቅ እየጸለይኩ። አርባ አራቱ አለፉ። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዬ ግማሹን ክፍል እንኳ አሳልፌ አላውቅም። ወረቀቶቹን ሁለት ጊዜ አረምኩ፤ አርባ አራት ናቸው። በሚኒባሱ ውስጥ እስከ ሞጆ አለቀስኩ፣ ለማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ቢሮ ስገባ ረቂቋ ላይ «ሰባተኛ ረቂቅ፣ አዘጋጅ አበዛሽ» ብዬ ጻፍኩበት። ከሷ ሥራ የቀየርኩት አንድ ነገር ቢኖር ሽንኩርቱን ቲማቲም ማድረጌ ነው።

ቅዳሜ ደወለች። እትዬ ማለቱን ትታለች።

«ወይዘሮ አበዛሽ፣ በ'ለ' ክፍል ሞክረውታል አሉ። አዳማ ልጄ ዘንድ ባልመጣም ትምህርቱ ይሠራ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ስንት አለፉ?»

«አሥራ አንድ» አልኳት።



«ለካ እውነትዎን ነበር» አለች። «እኔማ ጠልተውኝ መስሎኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»