ከአሥር አንድ

ቦጋለች ከጧት ጀምሮ መቀመጥ አቅቷታል። ጠጅ ቤቱን ሁለት ጊዜ ጠረገችው። የታጠበ ብርሌ መልሳ አጠበች። ደጅ ያሉትን ዶሮዎች እንኳ ያለ ጥፋታቸው ተቆጣቻቸው። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረችም እንጂ ምክንያትስ ነበራት። የግራዝማች ቢሻው የወንድም ልጅ ውቤ ትናንት ከጎንደር ሲገባ በበቅሎ ጭኖ፣ በጭድ ጠቅልሎ፣ አራት ጠርሙስ ቀይ ቪኖ ይዞ መጥቷል።

የግራዝማች ልጅ ማሬ ለሚመጣው ጥር ትዳራለች። ከደብረ ታቦር የአውራጃው ሹማምንት ተጠርተዋል፤ እነሱ ደግሞ፣ ውቤ እንደሚለው፣ ሠርግ ላይ ቪኖ ካላዩ ቅር ይላቸዋል። ግራዝማች ቅር እንዲላቸው አይፈልጉም፤ ብዙ ማውጣትም አይፈልጉም። ስለዚህ ውቤ ከርካሹ አራት ዓይነት ለቅሞ አመጣ። የትኛው እንደሚሻል እንድትፈርድ የታዘዘችው ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ ቦጋለች ናት! ባሏ ከሞተባት ወዲህ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የግራዝማችን ቤት ጠጅ የጣለች እሷ። የምትተኛውም እዚያው ጠጅ ቤቱ ጓዳ ነው። ቪኖው ከገባ ጠጁ ይወጣል፤ ጠጁ ከወጣ እሷም ትወጣለች። የምትሄድበት የላትም። ከትናንት ጀምሮ ይህንኑ ስታወጣ ስታወርድ ነው።

«አራቱንም አጣጥላቸዋለሁ» አለች ለራሷ። ማን ይመሰክርባታል? በንፋስ መውጫ ከእሷ ምላስ በላይ የሚታመን የለም።

ከሰዓት በኋላ እልፍኝ ተጠራች። ግራዝማች መደቡ ላይ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ታንጉት ከጎናቸው ተቀምጠዋል። ውቤ ከጠርሙሱ ቡሽ ጋር በሰንጢ ይታገላል። አስተማሪ ነውና ወረቀትና እርሳስም አዘጋጅቷል።

«እትዬ ቦጋለች፣ እያንዳንዱን ይቀምሱና ከአሥር ስንት እንደሚሰጡት ይነግሩኛል።»

«ለመጠጥም ፈተና ጀመራችሁ?» አለችው።

የመጀመሪያውን ተጎነጨች። ለመዋሸት ተዘጋጅታ ነበር፤ ነገር ግን መዋሸት አላስፈለጋትም፤ የለየለት ኮምጣጤ ነው። «ሦስት» አለች። ሁለተኛው የበርሜል እጣቢ ይመስላል። «ሁለት።» ሦስተኛው ላይ ስኳሩን ሲጨምሩ ውሃውንም አልሰሰቱበትም። «ይኼ ሕፃን ሲያስለው ይሰጡታል። አራት።» ግራዝማች ከት ብለው ሳቁ። ቦጋለችም ልቧ ትንሽ መለስ አለላት።

አራተኛውን አፏ ውስጥ አገላበጠችው። መጀመሪያ ደረቅ አለባት፤ ድርቀቱ ግን የጥሩ ጌሾ ዓይነት ነው፣ ምላስ ይይዝና ቀስ ብሎ ይለቃል። ከዚያ የበሰለ እንጆሪ የመሰለ ነገር ከኋላው መጣ። የቸኮለ እጅ አልነካውም። የትም ይኑር የት፣ ይህን የጣለ ሰው ማልዶ እየተነሣ አሽትቶታል፣ ገና ነው ብሎ መልሶ ከድኖታል። ቦጋለች ያን ሰው አወቀችው። ወደደችውም። በዚያው ልክ ተናደደችበት።

«ስንት?» አለ ውቤ።

«አንድ።»

«ከአሥር አንድ?»

«እሱም በዝቶበታል።»

ግራዝማች እጃቸውን አወናጨፉ። «አንቺ ካልሽ አልቋል። ደጅ አውጥተሽ ድፊው።»

ጠርሙሱን ይዛ ወጣች። አጥሩ ሥር ቆማ አዘነበለችው፤ ሊፈስ ሲል ቀና አደረገችው። እንደገና አዘነበለች፣ እንደገና ቀና አደረገች። እጇ እምቢ አለ። የተበላሸ ጠጅ ስትደፋ አዝና አታውቅም፤ የተዋጣለት መጠጥ ግን በዕድሜዋ ደፍታ አታውቅም። ጠርሙሱን እንደያዘች ተመልሳ ገባች።

«ጌታዬ፣ ይኼን አልደፋም። ዋሽቼዎታለሁ። ከአሥር ዘጠኝ ነው። ጠጄን ያስወጣብኛል ብዬ ፈርቼ ነው።»

ውቤ እርሳሱን አስቀመጠ።

«ጠጁ ይወጣል ያለሽ ማነው?» አሉ ግራዝማች። «ቪኖው ለስድስት ሰው ነው። ለቀረው አገር ምን ላጠጣው ኖሯል? አምስት ጋን እንድትጥዪ ልነግርሽ ነበር።»

ቦጋለች ቢቆጧት በወደደች ነበር። አልተቆጡም። ወደ ባለቤታቸው ዞር አሉ።

«አምስቱንም ጋን ትጣል። እንግዲህ ጠጁ መድረሱን ግን አንቺ እየቀመስሽ ንገሪኝ።»

«እሺ» አሉ ወይዘሮ ታንጉት።

ቦጋለች ጠርሙሱን መደቡ ላይ አስቀምጣ ወደ ጠጅ ቤቷ ተመለሰች። ከሁለት ሳምንት በፊት የጣለችውን ጋን ከፍታ በጭልፋ ቀዳችና ቀመሰች። ደርሷል፤ እንዲያውም እንዲህ አምሮላት አያውቅም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ለመናገር እልፍኝ ድረስ ትሮጥ ነበር። አሁን ጋኑን መልሳ ከደነችና ወይዘሮ ታንጉት መጥተው እስኪቀምሱ ድረስ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀች።