የአርሊስ የፀሐይ ድርሻ

መብራቱ የጠፋው ቁርስ ላይ ነበር። አርሊስ መጥበሻውን አስቀምጣ ጆሮዋን ወደ ሳሎን ጣለች። የባሏ የኦክስጅን ማሽን አንዴ ጮኸና ጸጥ አለ። ቨርሊን ሳንባው ከደከመ ወዲህ ያለዚያ ማሽን ከወንበሩ እስከ በሩ እንኳ መሄድ አይችልም።

“አሁን ይመጣል” አለችው፣ ቱቦውን ለጉዞ ከሚይዟት ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር ጋር እያገናኘች። “ከፀሐዩ ድርሻ አለን እኮ።”

ሲዘንብ ያደረው ዝናብ ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ በረዶ ሆኖ እየረጋ ዛፎቹን አጉብጧቸዋል፤ ቅርንጫፎች የመብራት ሽቦ ላይ ወድቀዋል። ሰማዩ ግን ጠርቷል። ከበቆሎው ማሳ ማዶ የመብራት ድርጅቱ የተከላቸው የፀሐይ ሰሌዳዎች ዓይን እስኪወጉ ያበራሉ። ከእነሱ ውስጥ ጥቂቶቹ የአርሊስና የቨርሊን ናቸው።

ባለፈው በጋ የድርጅቱ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሰብስቧቸው ነበር። ጣሪያው ላይ ሰሌዳ መትከል የማይችል ደንበኛ ከፀሐይ ሰሌዳዎቹ ማሳ ድርሻ መግዛት እንደሚችል፣ ድርሻው የሚያመነጨውም ከወር ሂሳቡ እንደሚቀነስለት አስረዳቸው። “ኃይሉ የእናንተው ነው” አላቸው። መብራት ሲጠፋስ? ብላ መጠየቅ አምሯት ነበር። በአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ግን፣ ቢያንስ እነሱ ከተማ፣ በስብሰባ መሃል እጅ ማውጣት ሰውን መጋፈጥ ነው የሚመስለው። ጥያቄ የሚጠየቀው በኋላ፣ ኬክ ሲቆረስ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው። ኬኩ ዘንድ ስትደርስ ሰውየውን ከበውታል፤ አፉም ሞልቷል። ማስቸገር መሰላት። ፈርማ ወጣች።

መከር ላይ አሮጌ ዕቃ ግቢ አውጥታ ስትሸጥ መብራት ሲጠፋ የሚያስነሱትን ጄኔሬተርም ጨመረችው። ቨርሊን አልከለከላትም። ሽታው ይናፍቀኛል ብሎ ብቻ ቀለደ።

አሁን ድርጅቱ ዘንድ ደወለች። ተራ እስኪደርሳት ብዙ ሙዚቃ ካዳመጠች በኋላ አንዲት ልጅ አነሳችላት፤ አርሊስ በይቅርታ ጀመረች። ልጅቷ በትሕትና አስረዳቻት። የማሳው ኃይል የሚገባው ወደ ሁሉም ሰው መስመር ነው። መስመሩ ሲቋረጥ ሽቦ የሚጠግኑት ሰዎች በኤሌክትሪክ ተይዘው እንዳይሞቱ ሰሌዳዎቹም ይጠፋሉ። ድርሻ ማለት ሂሳቡ ላይ ነው እንጂ ለእርስዎ ቤት ብቻ የሚመጣ ነገር የለም አለቻት።

“እኔ ግን እዚህ ሆኜ አያቸዋለሁ” አለች አርሊስ። “ፀሐዩ እላያቸው ላይ ነው።”

“ይገባኛል፣ እናቴ። ቤት ውስጥ የሕክምና መሣሪያ አለዎት?”

“አለ።”

“መጠባበቂያ ኃይልስ?”

አርሊስ ጄኔሬተሩ ይቀመጥበት የነበረውን ጥግ አየች። ልጅቷ ለአምቡላንስ እንደምታሳውቅላት ነገረቻት።

ቆየት ብሎ ጎርዲ ደወለ፤ ጎረቤታቸው ነው፣ የከተማዋ አምቡላንስ ላይ በፈቃደኝነት ይሠራል። መኪናው ዳገቱ ላይ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ገብቷል፤ ሲሊንደር ተሸክሞ በእግሩ እየመጣ መሆኑን ነገራት።

“ምን አሉሽ?” አለ ቨርሊን።

“ይመጣል አሉ።”

“ውሸታም” አላት። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፤ ፈገግ ለማለት ግን አላቃተውም። “ስንት ዓመት አብረን ኖረን አሁንም መዋሸት አልቻልሽበትም።”

የሲሊንደሯ መለኪያ ቀዩ ላይ ደርሷል፤ ኦክስጅኑ ሊያልቅ ነው። አርሊስ እግሩ ሥር ተቀመጠች። ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ስለ ስብሰባው፣ ስላልጠየቀችው ጥያቄ። እሱ ግን በአገጩ መስኮቱን አሳያት።

“የኛዎቹ የትኞቹ ናቸው?”

አታውቅም። “በስተቀኝ ያሉት” አለችው።

“ያምራሉ” አለ። ከዚያ በኋላ ለንግግር የሚሆን ትንፋሽ አልነበረውም። እጇን ጨብጦ ቆየ፤ እየጨበጠች ያለችው እሷ ብቻ መሆኗን ያወቀችው ዘግይታ ነው።

ጎርዲ ደረሰ፤ እንደ አገሩ ልማድ በዚያ ጥድፊያም ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲ ገባ። ጎንበስ ብሎ የቨርሊንን አንገት ዳሰሰ። ብዙ ጊዜ ዳሰሰው። ከዚያ ያመጣውን ሲሊንደር ምንጣፉ ላይ ቀስ አድርጎ አጋደመ።

“ቡና እንኳ ላፈላልህ አልቻልኩም” አለች አርሊስ፣ ዓይኗን ከቨርሊን ሳትነቅል። “ይቅርታ አድርግልኝ።”

ጎርዲ ስለ ቡናው መስሎት፣ ምንም አይደለም አላት።