የጌሼ ወፍ

በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ በጀርመኗ ብሬመን ከተማ ነጻ ሶፍትዌር፣ ማለትም ማንም ሊለውጠውና ሊያድለው የሚችል ፕሮግራም፣ የሚሠሩ ሰዎች ምሳ ወደሚበሉበት መጠጥ ቤት ጌሼ ስትደርስ፣ ሂነርክ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ የተጠበሰ ዓሣውን ጀምሮ ነበር። የጠበቃውን ደብዳቤ ሳህኑ አጠገብ አኖረችው።

«አንተ ነህ ያስላክኸው?»

«መጀመሪያ ቁጭ በይ እንጂ። ቢራ ልዘዝልሽ?»

«ቢራህን ለጠበቃህ ጋብዘው።»

ከሃያ ዓመት በፊት ኪቢትስ የተባለውን የኢሜይል ማንበቢያ አብረው ነው የጀመሩት። እሱ ኮዱን ጻፈ፤ እሷ ምልክቱን፣ በጀርመንኛ ኪቢትስ የምትባለውን ጉትዬ ያላትን ወፍ ሣለች። ሥዕሉን ማንም እንዲቀዳው ፈቅዳ ለቀቀችው። ስሙና ምልክቱ ፕሮግራሙን እንዲያስተዳድር በተቋቋመው ድርጅት ስም ሲመዘገቡም፣ «ለደንቡ ያህል ነው» ሲላት ፈረመች። አሁን እሱ የድርጅቱ ሰብሳቢ ነው። እሷ ፕሮግራሙን ለአሮጌ ኮምፒውተሮች እያስተካከለች በነጻ ታድላለች። ደብዳቤው የተለወጠ ፕሮግራም በኪቢትስ ስምና ምልክት ማደሉን በአሥር ቀን ውስጥ እንድታቆም ያዝዛል።

«ስሚኝ፣ ጌሼ። አጭበርባሪዎች በወፏ ሥዕል ቫይረስ እያሰራጩ ነው። ስንከሳቸው ‹ጌሼንስ ለምን ዝም አላችኋት?› ይሉናል።»

«ሥዕሉ ነጻ ነው እኮ! ፈቃዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«መቅዳቱን ማን ከለከለሽ? አንቺ የለወጥሽውን ፕሮግራም ሰዎች የድርጅቱ ነው ብለው እንዲወስዱት ማድረግ ነው የማይቻለው። እሱ ሌላ ሕግ፣ የንግድ ምልክት ሕግ ነው። ለውጥሽን አስቀድመሽ ላኪልን፤ ከፈቀድን ወፏም ስሙም ካንቺ ጋር ይቆያሉ።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ሦስት ወር። ቢበዛ አራት።»

«እስከዚያ በአሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ የምደፍነው የደኅንነት ቀዳዳ ክፍቱን ይደር?»

ሂነርክ ከዓሣው ቆረሰ። አጭበርባሪዎቹ መኖራቸውን ታውቃለችና እስከዚህ ድረስ ልትረዳው ሞክራለች። ከዚያ የደብዳቤውን ሁለተኛ ገጽ ገለጠችለት። ፕሮግራሙን ለመለወጧ ማስረጃ እንዲሆን የእሷው ኢሜይል ተጠቅሷል፦ «ያንተን የማተሚያ ኮድ ከፕሮግራሙ ነቅዬ ጣልኩት። ቆሻሻ ነበር፣ ሃሃ።»

«ይህን ሆስፒታል ተኝተህ እያለ ነው የጻፍኩልህ። ለአንተ ብቻ። እንድትስቅ።»

«ጠበቃው ማስረጃ አምጣ አለኝ» አለ፣ ዓሣውን እያየ።

«ስቀህ ነበር?»

«ስቄ ነበር።»

ጌሼ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ወፏን ከምታድለው ፕሮግራም አጠፋች፤ ስሙንም ቀየረች። ለእያንዳንዱ ለውጥ ምክንያት መጻፍ የሙያው ልማድ ስለሆነ፣ «በምልክቱ ባለቤት ጥያቄ» ብላ ጻፈች። የኮዱ ፈቃድ ግን የጸሐፊውን ስም መፋቅ ይከለክላል። ስለዚህ አራት መቶ አሥራ ሁለቱን ፋይሎች አንድ በአንድ እየከፈተች፣ የሂነርክ ስም በየአናታቸው በትክክል መኖሩን አረጋገጠች።