የዶቅዶቄው አንገት

ዶቅዶቄው አንገቱን መነቅነቅ የጀመረው ከመስቀል ወዲህ ነው። ሽብሩ ጥፋተኛውን ለማግኘት ብዙ አልደከመም። ሚስቱን ገነቴን አገኘ።

«አንቺ ከኋላ ስትቀመጪ ፊቱ ይቀላል» አላት። «ያኔ መሪው ይንቀጠቀጣል።»

«ብቻህን ስትሆንስ?»

«ትንሽ ትንሽ።»

ገነቴን ሲያገባት እናቱ «ይቺን አጥንት ከየት አመጣኸብኝ» ብላ አኩርፋ ነበር። አሁን ደግሞ አጥንቷ ብረት የሚያናውጥ ሆነ።

ሽብሩ የአውራጃው ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነው። ዶቅዶቄውን የገዛው ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ነው። ፈረንጁ ሲሸጥለት ይስቅ ነበር፤ ሽብሩ ደግነት መሰለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአቧራ መነጽሩን ቢሮም አያወልቅም። ማታ ማታ ዶቅዶቄው ቤት ውስጥ ይገባል፣ ጥጃዋ ውጭ ታድራለች።

ይሄን ሁሉ ገነቴ ችላ ነበር። የቸገራት የአንጋጫ መንገድ ነው። ታናሽ እህቷ ጣቢታ አንጋጫ አግብታ የመጀመሪያ ልጇ ሊወለድ ነው። እናታቸው ሞታለች። አራስ ቤት ገብቶ ራሷን ቅቤ የሚቀባላት፣ ገንፎዋን የሚያገነፋላት ከገነቴ ሌላ ሰው የለም። በገበያተኛ «ቅዳሜን አታልፍም» የሚል መልእክት መጣ።

«ቅዳሜ እኔም ለግብር ሥራ አንጋጫ እሄዳለሁ» አለ ሽብሩ።

«እንግዲያ አብረን ነዋ።»

«ዶቅዶቄው አይችልሽም። በእግርሽ ሂጂ። ማሰሮም ስለምትሸከሚ ቀደም ብለሽ ተነሺ።»

ማሰሮው የቅቤ ነው። ገነቴ ዊጆ አለባት፤ ሴቶች ቅቤ እያዋጡ በተራ የሚወስዱበት ማኅበር። ተራዋ ደርሶ የወሰደችውን፣ እንዳይበላሽ ኮሰረት አሽታበት፣ ለጣቢታ ብላ አስቀምጣው ነበር። በመስቀል ሰሞን ከፍታ ብታየው ጎድሏል። ድመቷን አባረረቻት። ድመቷ ሦስት ጊዜ ተመልሳ ብትመጣም በመጥረጊያ ተቀበለቻት።

ከወልደኪዳን ሱቅ ፊት ለፊት አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። የሆሳዕና ከተማ ወንዶች ያልገባቸውን ነገር ሁሉ የሚያስረዱት እዚያ ተቀምጠው ነው። የዶቅዶቄው ነገርም እዚያ ቀረበ። አንዱ «ነፋስ ነው» አለ። አንዱ «ዓይን በልቶት ነው» አለ። አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ደግሞ እሑድ እንጸልይለት አለ፤ ተጸለየለት፤ ሰኞ ባሰበት። መጨረሻ ላይ ባለ ሱቁ ወልደኪዳን ፈረደ።

«ሴት ወደ ጎን ነው የምትቀመጠው። ሚዛን ታውቃለህ? አንዱ ወገን ሲከብድ ይዘማል። ሚስትህ ናት።»

ሽብሩ ፍርዱን ይዞ ቤት ገባ። ገነቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

«ጋሼ ወልደኪዳን፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ላድርግልሽ?»

«እርስዎ እኔን ሁለት ያህላሉ። ወደ ጎንም አይቀመጡም። ከሽብሩ ኋላ ይውጡና ይሞከር።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ወልደኪዳን እምቢ እንዳይል ገበያ እያየው ነው። ሽብሩ ዶቅዶቄውን ይዞ ሲመጣ ጋቢውን ሰብስቦ ከኋላው ወጣ። ዶቅዶቄው አቃሰተ።

ቁልቁለቱን እስኪጀምሩ ደህና ነበር። ከዚያ መሪው እንደ እርጥብ ውሻ ተራገፈ። ሽብሩ ሲይዘው ባሰበት። ወልደኪዳን ሽብሩን አንቆ «በጃንሆይ አምላክ ቁም! በጃንሆይ አምላክ!» እያለ ጮኸ። እንዲህ ከተባለ ሰው ቢሆን፣ ነፍሰ ገዳይም ቢሆን፣ ይቆማል። ዶቅዶቄው መንግሥት አያውቅም። ሁለቱንም ወስዶ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ የቆጮ ክምር ላይ ጣላቸው። ቆጮው አተረፋቸው። የቆጮው ባለቤት ሴቶች ግን አልማሯቸውም።

ሽብሩ ከሴቶቹ ዱላ ወጥቶ መነጽሩን ጠረገ።

«አየሽ?» አላት ተከትላ የደረሰችውን ገነቴን። «ክብደት ነው!»

«ባዶውን ንዳው እስቲ።»

ባዶውን ነዳው። ተንቀጠቀጠ።

«ፈርቼ ነው» አለ። «ያስፈራሽኝ ደግሞ አንቺ ነሽ።»

ወልደኪዳን ከንፈሩ ላይ የቀረ ቆጮ እየተፋ «እኔ ቀጥ ብዬ ነበር የተቀመጥኩት» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

አርብ ጠዋት ገነቴ ቤት ስትጠርግ ጉንዳን አየች። ጉንዳን ብርቅ አይደለም። ይሄኛው ግን በሰልፍ ነው የሚሄደው። ከመሬት ተነስቶ የዶቅዶቄውን የፊት ጎማ ወጣ፣ ጎማውን የያዘውን የብረት እግር ተከትሎ ከመሪው ሥር፣ አንገቱ ላይ ደርሶ ገባ። ሌላ ሰልፍ ደግሞ ይወጣል፤ የጠገበው። የጎረቤት ውሻም ሰሞኑን በሩን በከፈቱ ቁጥር ዘው ብሎ ያንኑ አንገት ይልስ ነበር። ሽብሩ «ውሻ እንኳ ይወደዋል» እያለ ደስ ይለዋል።

ጣቷን አንገቱ ሥር ሰደደች። አሸተተችው። ኮሰረት።

«ሽብሩ!»

«አቤት።»

ሽብሩ ለሚስቱ «አቤት» የሚለው ጥፋት ሲኖረው ብቻ ነው።

«ድመቷ ብሎን ትፈታለች እንዴ?»

ሽብሩ የጣቷን ቅቤ አየ። ከዚያ ጣሪያውን።

«ለመስቀል ይጮህ ነበር፤ መሪው ሲዞር ሲጢጥ ይላል። ከፈትኩት። የማሽን ቅባቱን፣ ግራሶ ፈለግኩ፣ ከተማው ውስጥ ጠፋ። እና ቅቤ የማያለዝበው ነገር ምን አለ?»

«አንተ።»

«ትንሽ ነው የወሰድኩት።»

«በምን?»

«በጭልፋ።»

ገነቴ ተቀመጠች። ቅቤው በፀሐይ እየቀለጠ ሲወርድ ብረት በብረት ሲፋጭ እንደከረመ ለማወቅ ፈረንጅ መሆን አያስፈልግም።

«ስትከፍተው የወደቀ ነገር አለ?»

«ትንንሽ ክብ የብረት ፍሬዎች ነበሩ፣ መሪው የሚዞርበት የኩሽኔታው። ሣር ውስጥ ገቡ። ያገኘሁትን መለስኩ።»

«ያላገኘኸውንስ?»

«ብዙ ነበሩ እኮ፣ ገነቴ። ጥቂት ቢጎድል ምን አለ ብዬ።»

«እና እኔ ከበድኩ።»

ሽብሩ ከጎማው ላይ ጭቃ በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር።

«ለዊጆ ልንገር?»

ሽብሩ ገዢው ቢሮ ሲጠራው እንኳ እንዲህ አይገረጣም። የዊጆ ቅቤ ወንድ አይነካም። ከዚህ ቀደም ሀቢቾ መንደር አንዱ ነክቶ፣ ሴቶቹ ተሰብስበው ደጁ ላይ ተቀመጡበት። በግ እስኪያርድላቸው አልተነሱም። በጉ ተረሳ፤ ሰውየው ግን እስከ ዛሬ ስሙ «ማንኪያ» ነው። ይሄ ደግሞ ጭልፋ ነው።

«ለሆሳዕና ዊጆ እንዳትነግሪ። እሠራዋለሁ። ነገ እወስድሻለሁ።»

«ክፈተው።»

ቢሮ አልሄደም። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስተው ሆዱን ድንጋይ ላይ አስደገፉት። ገነቴ የፊት እግሮቹን ከታች ይዛ ወደ ፊት ወደ ኋላ ወዘወዘችው። አንገቱ ውስጥ «ቋ» አለ። ደገመችው፣ «ቋ»። ወር ሙሉ አግዳሚው ላይ ያልተሰማ ድምፅ።

ሽብሩ ብሎኑን ፈታ። ጥቁር ነገር ወጣ፤ ግማሹ ቅቤ፣ ግማሹ ጉንዳን። ፍሬዎቹ ግማሾቹ የሉም፤ ያሉትም እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተበልተዋል። ላምባ ውስጥ ዘፍዝፎ ያጥብ ጀመር። ገነቴ ወደ ወልደኪዳን ሱቅ ሄደች። እሱም እያነከሰ የብስክሌት ፍሬ ከቆርቆሮ አወጣላት። ይዛ ከመጣችው አሮጌ ፍሬ ጋር አንድ በአንድ ስታስተያይ አየ። ስለ ሚዛን አላነሳም።

ግራሶ የተገኘው ከጠና ነው፤ የአዲስ አበባ ጭነት መኪና ሹፌር፣ ማታ ገብቶ ነበር።

«ለምንድን ነው?» አላት ጠና።

«ለሽብሩ ዶቅዶቄ።»

«እስከ ዛሬ ምን ሲበላ ነበር?»

«የኔን።»

ጠና አልገባውም፤ ግን ሰጣት።

ፍሬዎቹን በግራሶ ተከሉ፣ ዘጉት። ገነቴ ወዘወዘችው። «ቋ» አለ።

«አጥብቀው።»

አጠበቀው። አሁን መሪው አልዞር አለ።

«አላላው። ትንሽ። አንድ ጊዜ እንኳ ትንሽ ማለት ምን እንደሆነ እወቅ።»

አላላው። «ቋ» ጠፋ። መሪውን በጣቷ ነካ ስታደርገው እንደ ደህና በር በራሱ ዞረ።

ቅዳሜ ወደ ጎን ተቀመጠች፣ ማሰሮውን ጭኗ ላይ ይዛ። ወልደኪዳን ከሱቁ ደጅ ቆሞ አሳለፋቸው። ቁልቁለቱን ወረዱ። መሪው ቀጥ አለ። ሽብሩ ደረቱ ተነፋ።

«ቀለል ብለሻል» አላት።

ማሰሮ ባትይዝ ኖሮ ትገፈትረው ነበር።

ደረሱ። ጣቢታ ምጥ ላይ ነበረች፤ እህቷን ስታይ አለቀሰች፣ ከሰዓት ወንድ ልጅ ተገላገለች። ገነቴ ማሰሮውን ከፈተች። የጣቢታ አማት ዘንበል ብላ አየች። የሰፈሩ ሴቶችም አዩ።

«ገነቴ» አለች አማትየዋ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ። «ለእህትሽ ለመጀመሪያ ልጇ ጎዶሎ ማሰሮ?»

ሽብሩ በሩ ላይ መነጽሩን እንዳጠለቀ ቆሟል። ዓይኑ አይታይም፤ አንገቱ ግን ይለምናል።

ገነቴ የጣቢታን ራስ እየቀባች፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«ሆሳዕና ሌላ አራስ ነበረችብኝ፣ እማማ።»

«ማን ወለደች?»

በአገጯ ወደ ደጅ ጠቆመች።

«ያቺውላችሁ፣ ቆማለች። ሽብሩ ነው ያረሳት። አንገቷን በጭልፋ ቀባት። ስትንቀጠቀጥ ምጥ መስሎት ነው።»

ሴቶቹ በበሩ አሻግረው አዩ። አንድ የአንጋጫ ውሻ ዶቅዶቄው ሥር ቆሞ አንገቱን በትጋት ይልሳል። ጣቢታ ሆዷን ይዛ «አታስቂኝ፣ በእናትሽ» አለች። አማትየዋ መሬት ተቀመጠች፤ እስክትነሳ ሁለት ሰው ደገፋት።

ሽብሩ ገነቴን ወደ ጥግ ጠራት።

«ለዊጆ እንዳትነግሪ ብዬሽ!»

«አንተ ያልከው የሆሳዕናውን ነው» አለችው። «እነዚህ የአንጋጫዎቹ ናቸው።»

በሚቀጥለው ገበያ ወሬው ሆሳዕና ገባ። አግዳሚው ላይ ሽብሩ ሲመጣ ሁሉም ብድግ ይላል፣ ወልደኪዳንም እያነከሰ፤ «እንኳን ማርያም ማረችልህ» ለማለት።

ጥጃዋ ቤት ገብታለች። ድመቷ ግን እምቢ ብላ ጎረቤት ቀረች።