የሞግዚቷ ቃል

ፋርማሲስት ነኝ። ቀኑን ሙሉ ከመስታወቱ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ፣ «ይሄ በሽሮፕ የሚያልፍ አይደለም፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ያሳዩት» ስል እውላለሁ።

ልጄ ስድስት ወር ሲሞላው ማንኪያውንም፣ ኳሱንም፣ የአባቱን መነጽርም የሚይዘው በግራ እጁ ብቻ ነበር። አማቴ ደስ ብሏቸው፣ «ግራኝ ነው፤ ቁርጥ አያቱን!» አሉ። እኛም ሳቅን።

ሞግዚቷ ግን አልሳቀችም። አምስት ታናናሾቿን አዝላ ያሳደገች፣ ነገር የማታበዛ ልጅ ናት። አንድ ጠዋት ለሥራ ስጣደፍ በር ላይ አቆመችኝ።

«እትዬ፣ ቀኝ እጁን ጭብጥ እንዳደረገ ነው። ሳጥበው እንኳ አውራ ጣቱን በግድ ነው የማስለቅቀው። እግሩም በዚያው በኩል ይከብደዋል። ሐኪም ቢያየው?»

«ግራኝ ነው ተባልሽ እኮ!»

«እትዬ፣ በዚህ ዕድሜው እጅ አይመርጥም። ታናናሾቼ ሁሉ በሁለቱም ነበር የሚይዙት።»

ደሜ ፈላ። እኔን፣ የተማርኩትን፣ እሷ ልታስተምረኝ!

«በልጄ ላይ አታሟርቺ!»

በሳምንቱ አሰናበትኳት።

ልጁ ሳይድህ ቀረ። ቀኝ ጎኑን እየጎተተ በቂጡ ይንፏቀቃል። አማቴ «አባቱም ዳተኛ ነበር» ይላሉ፤ ጎረቤት ሲጠይቀኝ እኔም ያንኑ እደግማለሁ። ዓመት ከሁለት ወር ሲሆነው ነው ሐኪም ዘንድ የወሰድነው። ሐኪሟ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋጋችና፣ «ገና ሳይወለድ ወይም ሲወለድ አንጎሉ ተጎድቷል። ጥፋቱ የማንም አይደለም» አለች። እፎይ ልል ስል ቀጠለች፤ «ፊዚዮቴራፒው ግን ቀደም ብሎ ቢጀመር ጥሩ ነበር። መቼ ነው ያስተዋላችሁት?»

«በቅርቡ ነው» አለ ባለቤቴ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ሞግዚቷን አፈላልጌ ሌላ ቤት አገኘኋት፤ ግቢው በር ላይ ልብስ ታሰጣለች። ይቅርታዬን ሳልጨርስ፣ «እጁስ?» አለችኝ። ነገርኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ተመለሽልኝ ብላት ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች።

«እዚህም የአራት ወር ሕፃን አለች። ፊቷ ላይ ምን ባወዛውዝ በዓይኗ አትከተልም።»

«ለእናቷ ነገርሻት?»

«ያየሁትን መናገር ምን እንዳተረፈልኝ እርስዎ ያውቃሉ። እርስዎ ይንገሯት፤ እርስዎን አታባርርዎትም።»

በሌላ ቀን የሰፈሩ ሰው መስዬ አንኳኳሁ። የሞግዚቷን ነገር ሳላነሳ፣ ሕፃኗ በዓይኗ እንደማትከተል ራሴ ያስተዋልኩ አስመስዬ ለእናቷ ነገርኳት። እናቲቱ ፋርማሲስት መሆኔን ስትሰማ ወንበር ሳበችልኝ፤ በማግስቱም ልጇን ይዛ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደች። የዓይን ሞራ ነበር። «በጊዜ ደርሳችኋል ተባልን፤ እግዜር ነው የላከሽ!» ብላ ደውላ መረቀችኝ። አሜን አልኩ፤ ምን ልበል?

ልጄ አሁን ሦስት ዓመቱ ነው። እያነከሰ ይሄዳል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቹን ሳፍታታለት፣ «እማ፣ አመመኝ» ይላል።

«ትንሽ ነው የቀረን» እለዋለሁ። ውሸቴን ነው።