ያዕቁብ ከኋላ ሲፈናጠጥ

ደብረ ብርሃን ቤንዚን ከጠፋ ሰንበትበት ብሏል፤ ባጃጁም ሚኒባሱም ቆሟል። ያዕቁብ ባጃጁን በሸራ ሸፍኖ ደጃፉ ላይ ካቆመው ወዲህ ሥራ ፈትቶ ነው የሚውለው። ሚስቱ ሌይላ ግን መቅረት አትችልም፤ ከከተማው ማዶ ባለው ሆስፒታል፣ ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት የሚታከሙበት ክፍል ነርስ ናት። እሷ ካልደረሰች ያደረችው ነርስ ጥላቸው አትወጣም።

መጀመሪያ ሰሞን በእግሯ ተመላለሰች። አንድ ማታ እግሯ አብጦ ጫማዋ አልወልቅ ሲል ያዕቁብ አንጀቱ አልቻለም። ጡረተኛው ጎረቤታቸው ጋሽ ኪዳነ ማርያም ዘንድ ሄዶ ሳይክላቸውን እንዲያውሱት ለመናቸው።

«ውሰዳት እንጂ ልጄ! እኔ እንደሆን ጉልበቴ ከድቶኛል» አሉና ካቴናዋን ራሳቸው ዘይት ቀቡለት።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ሌይላን ከኋላው እያፈናጠጠ ያደርሳታል። የኅዳር ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። እሷ ጉንጯን ጀርባው ላይ ለጥፋ ስለ ሕፃናቱ ታወራለታለች፤ የትኛው መጥባት እንደ ጀመረ፣ የየትኛው እናት እንደ ሳቀች። ባጃጅ ሲነዳ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ እሷ ከተኛች በኋላ ነበር የሚገባው፤ እንዲህ ተጨዋውተው አያውቁም። አንድ ቀን ቤንዚኑ ቶሎ ባልመጣ ብሎ ሲመኝ ድንገት ታወቀውና «አስተግፊሩላህ!» አለ።

በማግስቱ ቁልቁለቱ ላይ ውርጭ የያዘው ኮብልስቶን አንሸራተታቸው። ሌይላ ዘልላ ወረደች፤ ያዕቁብ በግራ እጁ ወደቀ። ሮጣ መጥታ አንጓውን ዳሰሰችው።

«አልተሰበረም፤ ወለም ብሎህ ነው» አለችና በፎጣዋ አሰረችለት።

«በቃ አንቺ ሂጂ፣ እንዳይረፍድብሽ። እኔ ሳይክሏን እየገፋሁ እመለሳለሁ።»

«በእግሬማ አልደርስም። እጅህም መታየት አለበት።» ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ መሪውን ያዘች። «ና፣ ከኋላ ተፈናጠጥ።»

«መንዳት ትችያለሽ እንዴ?»

«ጫጫ ሳለን ወንድሜ ሰዳም አስተምሮኛል። ከወፍጮ ቤት ዱቄት በሳይክሉ ጭኜ እመለስ ነበር።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?»

ሌይላ መሬት መሬት አየች። «ብነግርህ ብቻዬን ትሰደኝ ነበራ» አለች ቀስ ብላ። «ጀርባህ ይሞቃል።»

ያዕቁብ ሄዶ ከኋላዋ ተቀመጠ።

«ቢስሚላህ» ብላ ረገጠች። ሳይክሏ አንዴ ተንገዳገደችና ቀጥ አለች። ተማሪዎች «ባሏን አዝላ!» እያሉ አፏጩ፤ እሷ አልዞረችም። ያዕቁብም አላፈረም፤ ደህናውን እጁን ወገቧ ላይ ጠምጥሞ፣ ዳገቱ ላይ ትንፋሿ ሲያጥር እያዳመጠ፣ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይላት ነበር።

እጁ እስኪድን የነዳችው እሷ ናት። ቤንዚኑ ሲመጣ ያዕቁብ ወደ ባጃጁ ተመለሰ፤ ግን ሌይላን ሥራዋ ሳያደርስ ማንንም አይጭንም። እሷም የኋላው ወንበር ባዶ ሆኖ ሳለ፣ ከሾፌሩ ጎን ባለችው ጠባብ ቦታ ተጣብቃ ትቀመጣለች።